ሊቀ ትንፋሽ እና ቀይዋ ነጥብ

ሦስት ሰዎች በአንድ ጉዳይ ተስማምተው ስልካቸው ላይ ግሩፕ ከከፈቱ፣ አራተኛ ሆኖ የሚገባው አዋቂው ነው። ማን እንደጠራው አይታወቅም፤ ብቻ አንድ ቀን ጠዋት ስትነሡ እዚያ አለ። የርግብ አርቢዎች ግሩፕ ውስጥ አለ። የአንደኛ ክፍል ወላጆች ግሩፕ ውስጥ አለ። ያረጀ መኪና ያላቸው ሰዎች ግሩፕ ውስጥማ ሁለት ሦስት ሆኖ ነው ያለው። አንዱ «ርግቤ ታመመችብኝ» ብሎ ሲጽፍ ሌላው «ምስኪን፣ እግዜር ይማራት» ይላል፤ አዋቂው ግን «መጀመሪያውኑ ማን ርግብ አርባ አለህ?» ይላል።

እኛም ጋ አለ። የእኛ ግሩፕ «ነፊዎች ብቻ» ይባላል፤ ትራምፔት የምንነፋ ሰዎች የተሰባሰብንበት ነው። ስሙን ያየ ሰው ጉራ የምንነፋ ይመስለዋል፤ እሱንም አልፎ አልፎ እንነፋለን። ስሙን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ አድሚኑም እኔ ነኝ። አድሚን ማለት፣ ለማያውቅ፣ ሌሎች ሲጣሉ «ኧረ በፈጠራችሁ» የሚል፣ ሲታረቁ ደግሞ የሚረሳ፣ ደመወዝ የሌለው ዳኛ ነው። በሙያዬ ካርታ ነዳፊ ነኝ። ቀን መንገድና ወንዝ ስስል እውላለሁ፤ ከሥራ ስመለስ ቁም ሳጥን ውስጥ ገብቼ፣ በባለቤቴ ካፖርቶች መካከል ቆሜ ትራምፔት እነፋለሁ። ካፖርት ድምፅ ይውጣል። ስልክ ተደውሎ «የት ሄደ?» ሲባል ባለቤቴ «ቁም ሳጥን ውስጥ ነው» ትላለች፤ ልክ «ሱቅ ደርሶ ይመጣል» እንደሚባለው።

ትራምፔት ክፉ መሣሪያ ነው። ጊታር የሚማር ሰው ሲሳሳት የሚሰሙት እሱና ድመቱ ናቸው። ትራምፔት የሚማር ሰው ሲሳሳት ሰፈሩ በሙሉ ይሰማል፤ በማግስቱም ደረጃ ላይ ያገኘው ሁሉ በሐዘኔታ ያየዋል። ስለዚህ ብሶታችንን የምንወጣው እርስ በርሳችን ነው። ግሩፓችን ውስጥ «እንዴት አደራችሁ» አይባልም፤ «ከንፈር እንዴት አደረ?» ነው የሚባለው። መልሱም «ተመስገን፣ ትንሽ አበጥ ብሏል» ነው።

ከነባሮቹ አንዷ ጥርስ ሐኪሟ ናት። በአንዱ ታካሚና በሌላው መካከል እዚያው ክፍሏ ውስጥ ትለማመዳለች። ውጭ ወንበር ላይ ተራ የሚጠብቁት ሰዎች ከግድግዳው ወዲያ ያንን ረጅም ጩኸት ሲሰሙ ታካሚው ይመስላቸዋል፤ ቀስ ብለው ተነሥተው ወደየቤታቸው የሄዱም አሉ። «ከበሮ መቺን አፍህን ክፈት ስለው ይከፍታል፤ ትራምፔት ነፊ ግን መጀመሪያ ከንፈሩን ያሟሙቃል» የምትለው እሷ ናት።

ሌላው ጣሪያው ነው። የሆቴል ባንድ ውስጥ ስለሚሠራ ከመካከላችን በዚህ ሙያ የሚተዳደረው እሱ ብቻ ነው። ጣሪያው ያልነው ከፍ ካለ ድምፅ በታች ስለማይወርድ ነው። መስታወት ፊት ቆሞ፣ የአንገቱ ሥር እንደ ገመድ ተወጥሮ፣ ውሻ ብቻ የሚሰማው ከፍታ ላይ ይወጣና ራሱን ይቀርጻል፤ ከዚያ ከሥሩ «ዛሬ እንኳ ብዙም አልተመቸኝም» ብሎ ይለጥፋል።

ጋሽ ሹፌር ደግሞ አሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ዕለት ትራምፔት ገዙ። ለምን ሲባሉ «ያን ሁሉ ዘመን ክላክስ ሳስጮህ ኖሬ፣ እስቲ ዜማ ያለው ልሞክር ብዬ ነው» ይላሉ። ሲነፉም እንደ አውቶቡስ ናቸው፤ በየፌርማታው ይቆማሉ። ጥያቄያቸውን ሁልጊዜ «ይቅርታ ልጆቼ» ብለው ነው የሚጀምሩት። ሁላችንም እንወዳቸዋለን።

እና አዋቂው። ሙሉ ማዕረጋቸው ሊቀ ትንፋሽ፣ ወመምህረ ከናፍር፣ ወዐቃቤ ቫልቭ ነው። ስሙን ያወጣንለት ልናሾፍበት ነበር፤ እሱ ግን እንደ ሹመት ተቀበለው። በማግስቱ የግሩፕ ስሙን ቀይሮ «ሊቀ ትንፋሽ» አለ፤ ምስጋና እንኳ አላቀረበም፤ ሹመቱ የዘገየበት ይመስል ነበር። ፎቶው ፊት የለውም። የትራምፔት አፍ ብቻ ነው፣ ክብ፣ ወርቃማ፣ ወደ እኛ የተደገነ። አይጽፍም፤ የድምፅ መልእክት ነው የሚልከው። ድምፁ ወፍራምና ቀስ ያለ ነው። «እንግዲህ…» ብሎ ይጀምራል፤ ከዚያ ረጅም ዝምታ፤ ከዚያ ፍርዱ ይመጣል፦ «ችግሩ ከመሣሪያው አይደለም። ከባለመሣሪያው ነው።»

ይህን የማይልበት ጥያቄ የለም። በጣት የሚጫኑት ቫልቬ ተጣበቀብኝ ብትሉት ከባለመሣሪያው ነው። ጥርስ ሐኪሟ አዲስ ማውዝፒስ፣ ማለትም ከንፈር የሚያርፍባትን ያችን ትንሽ የብረት ጽዋ፣ ልትገዛ አስባ ምክር ብትጠይቅ «ማንኪያ ስለተለወጠ ሾርባ አይጣፍጥም» አላት። አንዱ አባላችን ትራምፔቱን መሬት ላይ አስቀምጦ ረስቶት፣ መኪናውን ወደ ኋላ ሲያወጣ ወጣበት። እንደ ወረቀት የተለበጠውን ብረት ፎቶ አንሥቶ ለጠፈና ሁላችንም ለቅሶ ተቀመጥን። ሊቀ ትንፋሽ «ችግሩ ከባለመሣሪያው ነው» አለ። ያን ቀን እንኳ የሚከራከረው አልተገኘም።

ጥርስ ሐኪሟ የልጅ ልጇ ተወልዶ ፎቶውን ብትልክ፣ ሁላችንም «እንኳን ደስ አለሽ፣ ይደግልሽ» ስንል፣ ክቡርነታቸው ሊቀ ትንፋሽ በድምፅ እንዲህ አሉ፦ «እንግዲህ… የላይኛው ከንፈር ጥሩ ነው። የታችኛውን ጊዜ ያሳየናል።»

ጣሪያውንማ ጨርሶ አልማረውም። ጣሪያው የዓመቱን ከፍተኛ ድምፅ አውጥቶ ለጥፎ ጭብጨባ ሲጠብቅ፣ ሊቀ ትንፋሽ ያን ድምፅ በትንፋሽ ሳይሆን በትከሻው እንዳወጣው የሚያስረዳ መልእክት ላከ፤ ባለቤቴ ድስት ጥዳ አውርዳ እስክትመለስ አላለቀም። ከዚያ ወዲህ ጣሪያው ትከሻው እንዳይታይ ሰፊ ጃኬት ለብሶ ነው የሚቀረጸው። ምንም አልተባልኩም ይላል፤ ብርድ ነው ይላል።

ንዴታችንን ያባሰው ግን ሰውየው አብዛኛውን ጊዜ ልክ መሆኑ ነበር። ውሸታም አዋቂን ሰው ይችለዋል፤ ይስቅበትና ያልፋል። ልክ የሆነ አዋቂ ግን ሆድ ያስብሳል። እኔ ራሴ ቁም ሳጥኔ ውስጥ ቆሜ፣ ትከሻዬን ዝቅ አድርጌ፣ እሱ እንዳለው ሆዴን ለቅቄ ስነፋ ድምፄ ሲሻሻል ተናድጃለሁ።

ነገሩ የተበላሸው በጋሽ ሹፌር ጉዳይ ነው። አንድ ቀን «ይቅርታ ልጆቼ፣ አንዲት ዜማ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነፍቻለሁ፤ ስሙልኝ» ብለው ላኩ። ሰማን። ዜማዋ ብዙ ፌርማታ ነበራት፤ ግን ደረሰች። ጥርስ ሐኪሟ «እልልል» ብላ ጻፈች። ጣሪያው እንኳ፣ ከራሱ በቀር ማንንም የማያመሰግነው ጣሪያው፣ አውራ ጣቱን አነሣ። ከዚያ ሊቀ ትንፋሽ መጣ። አንድ መልእክት፣ ሁለተኛ መልእክት፣ ሌላ፣ ደግሞ ሌላ። አተነፋፈሳቸው፣ አቋቋማቸው፣ አገጫቸው፣ ሁሉም ተራ በተራ ተገለበጠ። የመጨረሻዋ እንዲህ ትል ነበር፦ «ጋሼ፣ ዜማውን እርስዎ አልነፉትም። ዜማው ነው እርስዎን የነፋዎት።»

ጋሽ ሹፌር «እሺ ልጄ፣ አመሰግናለሁ» ብለው ጻፉ። ከዚያ ጠፉ። ብንጠራቸውም «ከንፈር እንዴት አደረ?» ብንልም መልስ የለም። አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ ሊቀ ትንፋሽም ያደረገውን ያወቀ አይመስልም ነበር፤ ስለ ቫልቭ ቅባት መልእክት መላኩን ቀጠለ።

ግሩፑ ተነሣበት። ጣሪያው «እስቲ እሱ ራሱ ይንፋና እንስማው!» ብሎ ጻፈ። ያኔ ነው ሁላችንም ክው ያልነው። ለካ ሰውየው ሲነፋ ማንም ሰምቶት አያውቅም። ስለ ትንፋሽ ሲያስተምረን ኖሮ አንዲት ትንፋሽ አላሰማንም። ትራምፔት የለውም ያለ አለ። ፎቶው ከሱቅ ማስታወቂያ ላይ የተቆረጠ ነው ያለ አለ። ጥርስ ሐኪሟ «እኔ እንደሚመስለኝ ጥርስ የለውም» አለች።

ድምፅ ተሰጠ። ውሳኔው አጭር ነበር፦ ሊቀ ትንፋሽ እስከ እሁድ ቀትር የአንድ ደቂቃ ቅጂ ይልካል። ያልተቆረጠ፣ ያልተቀጠለ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ወጥ። ካልላከ ከግሩፑ ይወጣል። ውሳኔውን በጨዋ ቋንቋ ጽፎ የማድረሱና፣ ካስፈለገም የማስወጫዋን ቁልፍ የመጫኑ ዕዳ በአድሚኑ ላይ ወደቀ። ጻፍኩት። ሊቀ ትንፋሽ ለመጀመሪያ ጊዜ በጽሑፍ መለሰ፤ አንዲት ቃል ብቻ። «ደርሶኛል።»

በዚያው ሳምንት ዓይኔ አስቸገረኝ። ባለቤቴ «ወንዙን ከመንገዱ ሳትለይ ስለህ ሰው ገደል ትከታለህ፤ ሂድና ታይ» ብላ አስወጣችኝ። መሥሪያ ቤቴ አጠገብ ወዳለው መነጽር ቤት ገባሁ። ባንኮኒው ላይ አንዲት ጠና ያለች ሴት አለች፤ ቀና ብላ አይታኝ «ወንድሜ ውስጥ ነው፣ ግባ» አለችኝ። ጨለማ ክፍል ውስጥ ገብቼ ተቀመጥኩ። አገጬን የዓይን መመርመሪያው ማሽን ማሳረፊያ ላይ አኖርኩ፤ ግንባሬን አስጠጋሁ። ከማሽኑ ወዲያ የሰውየው ጥላ ብቻ ነው የሚታየኝ።

«እንግዲህ…» አለ ጥላው። «ይሄ ይሻላል? ወይስ ይሄ?»

ያቺን «እንግዲህ» የት እንደሰማኋት ጠረጠርኩ። እርግጠኛ ለመሆን ያህል ስለ አሮጌው መነጽሬ ማማረር ጀመርኩ፤ ያንሸራትታል፣ ይጭራል፣ ራሴን ያመኛል አልኩት።

«ችግሩ ከመነጽሩ አይደለም» አለኝ። «ከባለመነጽሩ ነው።»

«ሊቀ ትንፋሽ?» አልኩ።

ጥላው ከማሽኑ ጀርባ ቀና አለ። «ማን ነህ?» አለኝ።

«አድሚኑ ነኝ።»

«አገጭህን አታንቀሳቅስ» አለኝ።

ሰው አገጩ ማሽን ላይ ታስሮ ክርክር አይሆንለትም። ምርመራውን ጨረሰ፤ ቁጥሩን ጻፈ፤ መብራቱን አበራ። እንደ ድምፁ ግዙፍ ይሆናል ብዬ ስጠብቅ፣ ቀጠን ያለ፣ ነጭ ጋዋን የለበሰ፣ ጥርሱ በሙሉ ያለ ሰው ነው።

«ልታስወጣኝ ነው?»

«እኔ ምን አደርጋለሁ፣ ግሩፑ ወስኗል። አንዲት ደቂቃ ነፍተህ ላክና ይለቅ። መሣሪያ የለህም እየተባለ ነው።»

ይህን ስለው ፊቱ ተለዋወጠ። ክንዴን ይዞ ከምርመራው ክፍል ጀርባ ወዳለች የዕቃ ማስቀመጫ ወሰደኝ። እስከ ጣሪያ የተደረደሩ የመነጽር ካርቶኖች፣ አንድ በርጩማ፣ ትራስ ላይ የተኛ ትራምፔት። መነጽር በሚጠረግበት ጨርቅ ስለሚጠርገው ያበራል። «በየቀኑ ምሳ ሰዓት እዚህ እነፋለሁ» አለኝ።

«ይነፋል!» አለች እህቱ ከባንኮኒው። «እኔ ምስክር ነኝ። ደንበኛው ሁሉ ሙዚቃ የከፈትን ነው የሚመስለው።»

«ታዲያ ለምን አትልክም?»

ስልኩን አወጣና መቅረጫውን ከፍቶ አሳየኝ። ጥግ ላይ፣ ሲቀዳ የምትበራዋን ቀይ ነጥብ በጣቱ ጠቆመ። «ይቺ ስትበራ ትንፋሼ ያልቃል» አለኝ። «ሰው ፊት የቆምኩ ነው የሚመስለኝ። በየቀኑ እቀዳለሁ፤ በየቀኑ እሰማዋለሁ፤ በየቀኑ አጠፋዋለሁ።»

«ዓመታት ሆኖታል» አለች እህቱ፤ አሁን በሩ ላይ ቆማለች።

«ለጋሽ ሹፌር ያልከውን ግን ያለ ችግር ላክኸው» አልኩት። ሳላስበው ድምፄ ጠንከር ብሎ ነበር።

በርጩማው ላይ ተቀመጠ። «ለእሳቸው ያልኩት ለራሴ ከምለው ሩቡ አይሆንም» አለ። «እሳቸው በየቦታው እየቆሙ፣ እየተሳሳቱ፣ ነፍተው ላኩት! ሰውየው ምንም አልመሰላቸውም። ሰምቼ… ተናደድኩ። የተናደድኩት ግን በእሳቸው አልነበረም።»

እህቱ በጀርባዬ ጠቅሳኝ ስትወጣ ተከትያት ወጣሁ። ባንኮኒው ጋ ስንደርስ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ስማኝማ» አለችኝ። «ቁርስ ላይ ጥያቄያችሁን ጮክ ብሎ ያነብልኛል። ጥርስ ሐኪሟ እንዲህ አለች፣ ጣሪያው እንዲህ ሆነ፣ እያለ። ሚስት የለው፣ ጓደኛ የለው። እዚህ የሚገባው ደንበኛ መነጽሩን ይዞ ይሄዳል እንጂ ቁጭ ብሎ አያዳምጠው። ብታስወጡት ለማን ያወራል? እኔ እንደሆንኩ ትራምፔትና የቧንቧ ጩኸት አልለይም።»

ተመልሼ ገባሁና ደንቡን ላላላልህ እችላለሁ አልኩት። ጊዜው ይራዘም ብዬ ልጻፍ፣ ታሟል ልበል አልኩት። ትራምፔቱን እየጠረገ «አይሆንም» አለ። «ደንብ ደንብ ነው። እሁድ ቀትር አይደል?»

እኔ በተፈጥሮዬ ነገር የሚያስጨንቀኝ ሰው አይደለሁም። ካርታ ነዳፊ ነገርን ከላይ ነው የሚያየው። ያም ሆኖ ያን እሁድ ጠዋት ምንም ሥራ አልያዝልህ አለኝ። ባለቤቴ «ምን ሆነሃል?» አለችኝ። «ምንም» አልኳት። «ታዲያ ስልኩን ምን ያህል ታሸዋለህ?» አለች። ግሩፑ ውስጥ ጣሪያው የግድግዳ ሰዓት ፎቶ እየደጋገመ ይለጥፋል። ጥርስ ሐኪሟ «እኔ ሥር የሰደደ ጥርስ ስነቅል እንኳ እንዲህ አልተጨነቅሁም» ትላለች። ጋሽ ሹፌር አሁንም ዝም።

ቀትር ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ፋይሉ መጣ። ልክ አንድ ደቂቃ። ከሥሩ ምንም ቃል የለውም።

ሁላችንም ከፈትን። መጀመሪያ የበርጩማ ድምፅ፤ ቀጥሎ በረጅሙ የተሳበ፣ እንዳስተማረን ከሆድ የመጣ ትንፋሽ፤ ከዚያ… ምንም። «ፍፍፍፍ» ብቻ። በድጋሚ ትንፋሽ፤ በድጋሚ «ፍፍፍፍ»፣ ጎማ እንደሚተነፍስ። ዝምታ። ከዚያ ያ ወፍራም ድምፅ «አይ አንተ!» አለ። የብረት መፈታት ይሰማል፤ ክዳን ይሽከረከራል። «አንድ… ሦስት… አንተ እዚህ ምን ትሠራለህ?… ውጣ… እሺ…» እንደገና ብረት ይጠብቃል። ትንሽ ጸጥታ። ከዚያ አንድ ኖታ፤ ረጅም፣ ወፍራም፣ ሞቅ ያለ። ደቂቃዋም አለቀች፤ ተቆረጠ።

ለማያውቅ ላስረዳ። በጣት የሚጫኑት ሦስቱ ቫልቮች ቅባት ሲቀቡ ይወጣሉ፤ ሲመለሱ እያንዳንዱ የራሱ ቤት አለው። አንደኛው በሦስተኛው ቤት ከገባ መንገዱ ይዘጋል፤ ዓይንህ እስኪፈርጥ ብትነፋ ድምፅ አይወጣም። ቁጥራቸው ብረቱ ላይ ተቀርጿል፤ ግን የቸኮለ ሰው አያየውም። ትራምፔት የሚነፋ ሰው ሁሉ ይህን በሕይወቱ አንድ ጊዜ ያደርገዋል። ትራምፔት የማይነፋ ሰው ደግሞ ሊያደርገው አይችልም። ሊቀ ትንፋሽ ለዚያች ደቂቃ ሲል መሣሪያውን ፈትቶ፣ እንግዳ እንደሚቀበል ሰው አጥቦና ቀብቶ፣ በመጨረሻ ቸኩሎ አለዋውጦ ገጥሞታል።

አድሚኑ ጣቱን ማስወጫዋ ቁልፍ ላይ ያሳርፍ አያሳርፍ አላወቀም። መጀመሪያ የጻፉት ጠፍተው የነበሩት ጋሽ ሹፌር ናቸው።

«ቫልቭ አለዋውጦ ነው! ኧረ ልጄ! እኔኮ እንዲሁ አድርጌ፣ የተበላሸ ሸጠህልኛል ብዬ ባለሱቁን ሌባ ብዬው ነበር! ፖሊስ ልጠራ ስል ሚስቱ መጥታ አስተካከለችልኝ!»

ከዚያ በኋላ ማን ያስቆመው። መኪና የወጣበት ትራምፔት ባለቤት እሱም ባለፈው ዓመት ማድረጉን ተናዘዘ። ጥርስ ሐኪሟ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ፊት የነፋች ዕለት እንደደረሰባት ጻፈች። እኔም የራሴን ጻፍኩ፤ ጨለማ ቁም ሳጥን ውስጥ ቫልቭ መቀባት አይመከርም። በመጨረሻ፣ ብዙ ቆይቶ፣ ጣሪያው ጻፈ፦ «እሺ። እኔ መድረክ ላይ ነው ያደረግሁት። ሰው ሞልቷል። ምን ላድርግ? ጉንጬን ነፍቼ፣ ጣቴን እያንቀሳቀስኩ፣ ዘፈኑን እስከ መጨረሻ አስመሰልኩ። ማንም አላወቀም።»

ጥርስ ሐኪሟ «ለካ ያን ምሽት እንዲያ የተመሰገንከው ለዚህ ነው» አለችው።

የማስወጣቱን ነገር ያነሣ የለም። ጣሪያው ራሱ «ትራምፔት እንዳለው ተረጋግጧል፤ መዝገቡ ይዘጋ» አለ። ለምን ደግመህ አልቀዳህም ብሎ የጠየቀው ነበር። «ያልተቆረጠ ነው ያላችሁት» አለ ሊቀ ትንፋሽ። ለእኔ ለብቻዬ ደግሞ «ብሰማው ኖሮ አጠፋው ነበር፤ ሳልሰማ ነው የላክሁት» ብሎ ጻፈልኝ። ለጋሽ ሹፌርም በሰው ሁሉ ፊት፣ በድምፅ፣ «እንግዲህ… ጋሼ፣ እርስዎ ቀድመው ልከዋል፤ እኔ ገና ዛሬ መላኬ ነው። ይቅር ይበሉኝ» አላቸው። ወዲያው ደግሞ «ነገር ግን ትንፋሽ የሚወስዱበት ቦታ…» ብሎ ቀጠለ፤ ጋሽ ሹፌርም «እሺ ልጄ፣ እሺ» እያሉ አዳመጡት።

ያቺን አንዲት ኖታ ግን አልለቀቅናትም። ከልኳ ከፍ ብላለች፣ ከፍ አላለችም ብለን ስንከራከር ሰነበትን። ከፍ ብላለች ብሎ መጀመሪያ የጻፈው ራሱ ሊቀ ትንፋሽ ነው። ጣሪያው ትከሻ አለባት አለ፤ ጥርስ ሐኪሟ እንደዚያ ያለ ሙቀት ከየት ይመጣል አለች። ነፊ ለነፊ አይራራም፤ ቀልዱም፣ ነቀፋውም፣ ምስጋናውም ተቀላቅሎ ወረደበት።

አንዲት ነገር ግን ማንም አላነሣም። ቅጂው ውስጥ፣ ቫልቩን ካስተካከለ በኋላ፣ ኖታዋ ከመውጣቷ በፊት፣ ያቺ ትንሽ ጸጥታ አለች። ስልኩን ጆሮ ላይ ካስጠጉት ጸጥታ አይደለችም። ሰውየው፣ ስንታችንን የገሠጸበት ያ ወፍራም ድምፅ፣ ሰው እንዳይሰማው ዝቅ ብሎ «አይዞህ፤ በል ንፋ» ይላል። እኛ ግሩፕ ውስጥ ምሕረት የሚባል ነገር የለም፤ ሁሉም ነገር ይቀለድበታል፤ አራስ ሕፃን እንኳ አልተረፈም። በዚያች ቃል ግን ጣሪያው እንኳ አልቀለደም። ስለዚህ ሁሉም ሰምቷታል ማለት ነው።

ፋይሉን አስቀምጬዋለሁ። ይህን ሰው እወደዋለሁ፤ ለምን እንደሆነ ሰው ቢጠይቀኝ የማሰማው ያቺን ቦታ ነው። ለራሱ «አይዞህ» ለማለት ስንት ዓመት እንደፈጀበት እህቱና እኔ እናውቃለን።